ዳኛው ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ፦ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ታሪክ ከአቃቂ ቃሊቲ ሲታይ

ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሁለት ጊዜ ታስረዋል። ከእስሩ በፊት የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ ከእስሩ ዓመታት በኋላ ደግሞ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የአንዲት ደፋር ሴት ገድል ተደርጎ ነው፤ ገድልነቱም አያጠራጥርም። እኔን የሚከነክነኝ ግን ከጀርባው ያለው ተቋም ነው። ዳኛን የሚያጭ፣ ሥነ ምግባሩን የሚከታተልና ጥፋት ተገኘበት ሲባል የሚያሰናብት አካል አለን፤ ስሙ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ይባላል። የተቋቋመው ዳኛ ሳይፈራና ሳያፍር እንዲፈርድ ነው። ታዲያ ለምን ይሆን በዚህች አገር ታሪክ ውስጥ ፖለቲከኞች በዳኛ ሹመት ላይ ፊት ለፊት ሲከራከሩ እምብዛም ያላየነው፣ ከተሾሙ በኋላ ግን በፍርዳቸው ምክንያት መከራ ያዩ፣ ወንበራቸውን የለቀቁ፣ አገር ጥለው የወጡ ዳኞችን ደጋግመን የምናየው?

የአዲስ አበባው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ለዚህ ጥያቄ ከየትኛውም ሰፈር ይልቅ ቅርብ ነው። ከሳሪስ ወርዶ በድሮው የደብረ ዘይት መንገድ የሚሄድ ሰው በግራና በቀኝ የሚያየው ፋብሪካና መጋዘን ነው፤ ሰፈሩ የወዛደር ሰፈር ነው። ግን የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አቃቂ ምድብ ችሎት ያለው እዚሁ ነው፤ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት እዚሁ ነው፤ የቂሊንጦ ማረሚያ ቤትም ከዚሁ ክፍለ ከተማ አልወጣም። ጠዋት ምድብ ችሎቱ ደጃፍ ላይ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ሥራቸውን ይጀምራሉ። የፍቺ፣ የቀለብ፣ የውርስ፣ ያልተከፈለ ደሞዝ ጉዳይ የያዘ ሰው መዝገቡ እስኪጠራ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃል። ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ደግሞ ስንቅ ያንጠለጠሉ እናቶችና ሚስቶች ይሰለፋሉ፤ መታወቂያ ያሳያሉ፣ ይፈተሻሉ፣ ካመጡት ወጥ እራሳቸው ቀምሰው ያሳያሉ። እነዚህ ሁሉ ሰዎች የዳኛቸውን ስም ያውቃሉ። ቀጠሮ የሚያበዛውን፣ ቶሎ የሚወስነውን፣ በትዕግሥት የሚያዳምጠውን ለይተው ይነግሩሃል። ያንን ዳኛ ማን እንዳጨው፣ ሲታጭ ምን እንደተጠየቀ፣ የተቃወመው ሰው ይኑር አይኑር ግን ከመካከላቸው የሚያውቅ የለም። ሊያውቁ የሚችሉበት መንገድም ለረጅም ዘመን አልተበጀላቸውም ነበር።

ዱሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ፍርድ የንጉሥ ነው፤ ሌላው ሁሉ በንጉሡ ስም ይፈርዳል። ከንጉሡ በታች ትልቁ ዳኛ አፈ ንጉሥ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትር ያደረጉትም አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎን ነበር። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ዳኞች በንጉሠ ነገሥቱ እንዲሾሙ አደረገ። ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አደራጀ፤ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ላይ የውጭ አገር ዳኞች ከኢትዮጵያውያን ጋር ተቀምጠው ለዓመታት ፈረዱ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዳኞች ነፃ መሆናቸውን በግልጽ ጻፈ። ሹመቱ ግን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ አልወጣም፤ በፍርድ ቤት የተረታም ሰው ለዙፋን ችሎት አቤት ማለት ይችል ነበር። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ የሚለው አነጋገር ያንን ዘመን በደንብ ይገልጸዋል። የሥልጣን ጥያቄ ያለበት ጉዳይ ዳኛ ዘንድ አይደርስም ነበርና ዳኛን ማን ይሹመው ብሎ የሚጣላም ቡድን አልነበረም።

ደርግ ይህንን እንኳ አፈረሰው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ያህል ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ልዩ የጦር ፍርድ ቤቶች መጡ፤ ለፖለቲካ ጉዳይ የተለየ ችሎት፣ የተለየ ሥነ ሥርዓት ተበጀ። በ1980 ዓ.ም. የወጣው የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችን የብሔራዊ ሸንጎ ተመራጮች አደረጋቸው። ሸንጎው ውስጥ የነበረው ፓርቲ አንድ፣ ኢሠፓ ብቻ ስለነበር ምርጫው ምርጫ አልነበረም። ስርዓቱ ሲወድቅ የኢሠፓ አባል የነበሩ ዳኞች ከወንበራቸው ተነሡ፤ ፍርድ ቤቶቹም ባዶ ቀሩ። ለእኔ ይህ በቂ ትኩረት ያላገኘ የታሪካችን ክፍል ነው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ዳኛም አብሮ መለወጡ የተለመደ ነገር ሆኖ የተተከለው በዚህ ወቅት ነውና። ፓርቲ ዳኛን ይዞ ይመጣል፣ ይዞ ይሄዳል የሚለው እሳቤ ዛሬም ከብዙ ሰው ልብ አልወጣም።

የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ የተወለደው ከዚህ ፍርስራሽ ነው። የሽግግር መንግሥቱ በ1984 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 23ን አውጥቶ የዳኝነት አስተዳደር ከአስፈጻሚው እንዲለይ አደረገ። የዳኛ ቅጥር፣ ዝውውርና ስንብት በአንድ ሚኒስትር ፊርማ ይፈጸም ከነበረበት ወጥቶ ለጉባኤ መሰጠቱ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ሊካድ አይገባም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ነገሩን በአንቀጽ 78፣ 79 እና 81 አጸናው። ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ አይመራም። የጡረታ ዕድሜው ሳይደርስ የሚነሣው በዲሲፕሊን ጥፋት፣ ጉልህ በሆነ የሥራ ችሎታ ማነስ ወይም በሕመም ምክንያት ጉባኤው ሲወስን ብቻ ነው፤ ውሳኔውም በምክር ቤት መጽደቅ አለበት። ፍርድ ቤቶች በጀታቸውን ራሳቸው ለምክር ቤቱ ያቀርባሉ።

ሹመቱ ላይ ግን ሁለት በር ተከፈተ። አብዛኞቹ የፌዴራል ዳኞች በጉባኤው ይታጫሉ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዕጩዎቹን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አቅርበው ያሾማሉ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት ግን በጉባኤው አያልፉም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው መርጠው ያቀርባሉ፣ ምክር ቤቱ ይሾማል። የጉባኤው ሰብሳቢ የሚሆነው ደግሞ ይኸው ፕሬዚዳንት ነው። ጉባኤው ከታች ያሉትን ዳኞች ከአስፈጻሚው እንዲጠብቅ ከተፈለገ፣ ሰብሳቢው በአስፈጻሚው ብቸኛ ምርጫ መምጣቱ ጥበቃውን ከላይ ያላላዋል። በ1988 ዓ.ም. የጉባኤው ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 24 ሲወጣ የፍትሕ ሚኒስትሩና 3 የምክር ቤት አባላት በአባልነት ገቡ። የፍትሕ ሚኒስትሩ የዐቃብያነ ሕግ የበላይ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ጠዋት ችሎት ፊት ቆሞ «ዋስትና አይፈቀድለት» ብሎ ይከራከር፣ አለቃው ደግሞ ከሰዓት በኋላ የዚያኑ ዳኛ ዲሲፕሊን በሚያየው ጉባኤ ላይ ይቀመጥ ነበር። ሚኒስትሩ ምንም ክፉ ሰው ባይሆን፣ አንድም ቃል ባይተነፍስ እንኳ፣ ችሎት ላይ ያለው ዳኛ ይህን ያውቅ ነበር። ተከራካሪውም ያውቅ ነበር።

1993 ዓ.ም. ፈተናው መጣ። በዚያ ዓመት ህወሓት ለሁለት ተሰነጠቀ። ከተሸነፈው ወገን አንዱ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ ነበሩ፤ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳያቸው የቀረበው ለፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ዳኛዋ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ክርክሩን ሰምተው ዋስትና ፈቀዱ። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤቱ እንደወጡ መልሰው ተያዙ። ብዙም ሳይቆይ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ድንጋጌ በአዋጅ ቁጥር 239/1993 ወጣ፤ አቶ ስዬም 6 ዓመት ያህል ታስረው ቆዩ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ዳኛዋ አልተሻሩም። ጉባኤው ከወንበራቸው አላነሣቸውም። በሕገ መንግሥቱ የተጻፈው የዳኛ ጥበቃ በወረቀት ደረጃ አልተጣሰም ማለት ነው። የተጣሰው ትእዛዛቸው ነው። ሕግ አውጪው አካል አንድ ዳኛ ያልወደደውን ትእዛዝ ሲሰጥ ሕጉን ለወጠ፤ ፖሊስ ትእዛዙን ረግጦ አለፈ፤ ጉባኤው ደግሞ ስለ ዳኛ ቅጥርና ዲሲፕሊን እንጂ ስለ ዳኛ ትእዛዝ መከበር የሚናገር አፍ አልነበረውም። ተቋሙ የተሠራው ዳኛን ለመጠበቅ ሆኖ ሳለ ዳኝነቱን የሚጠብቅ አልነበረም። ውስጥ ለውስጥ በገዢው ድርጅት ክንፎች መካከል የተነሣ ጠብ፣ በአንዲት ወጣት ዳኛ ችሎት ላይ ወደቀ። ይህ ጠብ ፓርላማ ውስጥ በግልጽ ቢካሄድ ኖሮ መጠሪያው ፖለቲካ በሆነ፣ ሰውም እንደ ፖለቲካ በፈረደው። ችሎት ላይ ሲወድቅ ግን ፍርድ ቤቱን ራሱን ሰበረ።

ወይዘሪት ብርቱካን ከዳኝነት ወጥተው ጠበቃ ሆኑ፤ ከዚያ ወደ ፖለቲካ ገቡ። የግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ዘመን ከተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎች አንዷ ነበሩ። ያ ምርጫ በአቃቂ ቃሊቲ የሚረሳ አይደለም። ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች ደግሞ 137ቱን አሸነፈ። የተቀረው አገር ውጤት ላይ ክርክር ሲነሣ አቤቱታው የሚሄደው ወደ ምርጫ ቦርድ ነው፤ በቦርዱ ውሳኔ ያልረካ ደግሞ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ አቶ ከማል በድሪ ነበሩ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትም አቶ ከማል በድሪ ነበሩ። የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ሰብሳቢም፣ በፕሬዚዳንትነታቸው፣ እሳቸው ናቸው። ስለ ሰውየው ማንነት አይደለም የምናገረው። አንድ ሰው የጨዋታው ዳኛም የይግባኙ ዳኛም የዳኞቹ አለቃም ሲሆን፣ የተሸነፈ ወገን «ተዳኘሁ» ብሎ የሚቀበልበት ቦታ አይኖርም። ፍትሕ መደረጉ ብቻ አይበቃም፤ የተረታው ሰው ያመነበት መሆን አለበት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የአቃቂ ሰው ያየው ከቅርብ ነው። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በከተማው ሰው ተገደለ፤ የቅንጅት መሪዎች፣ ጋዜጠኞችና የሲቪክ ማኅበራት ሰዎች ታሰሩ። ምክር ቤቱ ግድያውን የሚያጣራ ኮሚሽን አቋቋመ፤ በሰብሳቢነት የተቀመጡት የደቡብ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት አቶ ፍሬሕይወት ሳሙኤል፣ በምክትልነት ደግሞ ዳኛው አቶ ወልደሚካኤል መሸሻ ነበሩ። ሁለቱም ዳኞች ናቸው፤ ለዚህ ሥራ የተመረጡትም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ቆጠረ፤ ቃሊቲ እስር ቤት ውስጥ የተገደሉ እስረኞችም በቁጥሩ ውስጥ ነበሩ። ሁለቱ ዳኞች አገር ጥለው ወጡና አባላቱ የጸጥታ ኃይሎች ከመጠን ያለፈ ኃይል ተጠቅመዋል ብለው በአብላጫ ድምጽ ወስነው እንደነበር፣ ከዚያ ውሳኔውን እንዲቀይሩ ግፊት እንደተደረገባቸው ተናገሩ። ለምክር ቤቱ የቀረበው የመጨረሻ ሪፖርት የሟቾቹን ቁጥር ይዞ፣ የተወሰደው እርምጃ ግን ተገቢ ነበር አለ። በዚያው ሰሞን የኦሮሚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት አቶ ተሻለ አበራም ተሰደዱ። ሦስት ከፍተኛ ዳኞች በአንድ ዓመት! ሦስቱም በሕግ መሠረት ታጭተው፣ ተሹመው፣ ቃለ መሐላ ፈጽመው የነበሩ ሰዎች ናቸው።

በቅንጅት መሪዎች ላይ የተመሠረተው ክስ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታየ። ከተከሳሾቹ አብዛኞቹ አንከላከልም አሉ፤ ፍርድ ቤቱን ነፃ ነው ብለን አናምንም ብለው። ከእነዚያ መካከል የቀድሞዋ ዳኛ ነበሩ። ለዓመታት ሌላውን ሰው «መከላከያህን አቅርብ» ሲሉ የኖሩ ሰው፣ በራሳቸው ጉዳይ መከላከያ ማቅረቡን ከንቱ ነው አሉ። ለአንድ የዳኝነት ሥርዓት ከዚህ የከበደ ምስክርነት አላውቅም። ዐቃቤ ሕግ የሞት ቅጣት ጠይቆ ነበር፤ ሐምሌ 9 ቀን 1999 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደ፤ በቀናት ውስጥ ደግሞ 38 ሰዎች በይቅርታ ተፈቱ።

ሁለት ሰዎች ግን ይቅርታውን ሳይፈርሙ ቃሊቲ ቀሩ፦ ዳንኤል በቀለና ነፃነት ደምሴ። ሁለቱም የሕግ ባለሙያዎች ናቸው፤ ተከላከሉ። በታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ችሎቱ ጥፋተኛ ናችሁ ሲል ከሦስቱ ዳኞች አንዱ በሐሳብ ተለየ፤ በነፃ ሊለቀቁ ይገባል ብሎ ልዩነቱን በመዝገቡ ላይ አሰፈረ። ሁለቱ 2 ዓመት ከ6 ወር ተፈርዶባቸው በመጋቢት ወጡ። ያ የልዩነት ሐሳብ የማንንም ውጤት አልለወጠም። ግን እንዲህ ባለ ጊዜ፣ እንዲህ ባለ መዝገብ ላይ፣ ከጎኑ የተቀመጡትን ሁለት ባልደረቦቹን ተለይቶ የጻፈ ዳኛ ነበረ። ነፃ ዳኛ የለንም የሚሉ ሰዎችን ስሰማ ይህን መዝገብ አስታውሳለሁ። ዳኛ አለን፤ የጎደለን ተከላካይ ያለው ዳኛ ነው።

ወይዘሪት ብርቱካን የአንድነት ፓርቲ ሊቀመንበር ሆነው ነበር ታኅሣሥ 19 ቀን 2001 ዓ.ም. መልሰው የታሰሩት። ስለ ይቅርታው በውጭ አገር የተናገሩትን አስተባብዪ ሲባሉ እምቢ ብለው «ቃሌ» በሚል ርእስ መግለጫ አወጡ፤ ይቅርታው ተሰርዞ ወደ ዕድሜ ልክ እስራቱ ተመለሱ። ቃሊቲ ውስጥ ለወራት ብቻቸውን ተነጥለው ተያዙ። እናታቸውና ትንሿ ልጃቸው እየመጡ ይጠይቋቸው ነበር። እሳቸው እዚያ ሳሉ፣ አንድ ጊዜ በዋስ የለቀቋቸው አቶ ስዬ አብርሃ የእሳቸው ፓርቲ አባል ሆኑ። ወይዘሪት ብርቱካን መስከረም 26 ቀን 2003 ዓ.ም. ተፈተው ወደ አሜሪካ ሄዱ።

እነዚያ ዓመታት ለጉባኤው ጸጥ ያሉ ዓመታት ነበሩ። በ2002 ዓ.ም. ማቋቋሚያው በአዋጅ ቁጥር 684 ተሻሻለ። በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫ ከ547 ወንበር ተቃዋሚው ያገኘው አንድ ነው፤ በ2007 ዓ.ም. እሱም ቀረ። ጉባኤው ውስጥ የሚገቡት የምክር ቤት አባላት ከገዢው ግንባርና ከአጋሮቹ ውጭ ሊሆኑ የሚችሉበት መንገድ አልነበረም ማለት ይቻላል። ዳኛ ለሹመት ሲቀርብ ግለ ታሪክ ይነበባል፣ እጅ ይወጣል፣ ቃለ መሐላ ይፈጸማል። ክርክር የለም። ክርክር አለመኖሩን እንደ መግባባት የሚቆጥሩ አሉ። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ዝምታ የምቆጥረው እንደ ክፉ ምልክት ነው።

ሌላውን ዓለም ማየት እዚህ ላይ ይጠቅማል። አሜሪካኖች በዳኛ ሹመት የሚጣሉትን ያህል ማንም አይጣላም። እ.ኤ.አ. በ1987 ሴኔቱ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት የታጩትን ሮበርት ቦርክን 58 ለ42 በሆነ ድምጽ ጣለ። በ2016 ፕሬዚዳንት ኦባማ ያቀረቧቸውን ሜሪክ ጋርላንድን ሪፐብሊካኖች ሳይሰሟቸው የምርጫ ዓመት ነው ብለው አስቀሩ፤ በ2020 ግን ምርጫው ሊደረግ 8 ቀን ሲቀረው ኤሚ ኮኒ ባሬትን አጸደቁ። ይህ አድልዎ ነው፤ ትናንት ለሌላው የከለከሉትን ደንብ ዛሬ ለራሳቸው ሲሆን ጣሉት። ልንቀናበት የሚገባ ነገር አይደለም። ነገር ግን አድልዎው በአደባባይ ስለተፈጸመ አሜሪካዊው ማን ምን እንዳደረገ በስም ይጠራል፤ ይከሳል፤ በምርጫ ይቀጣል ወይም ይሸልማል።

ለእኛ የሚቀርበው ኬንያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010ሩ ሕገ መንግሥታቸው በኋላ የዳኝነት አገልግሎት ኮሚሽናቸው ለዋና ዳኛነት የሚወዳደሩትን ሰዎች በቴሌቪዥን እያስተላለፈ ይጠይቃል። ዊሊ ሙቱንጋ በ2011፣ ማርታ ኮሜ በ2021 ዋና ዳኛ የሆኑት እንዲህ ተፈትነው ነው። በ2017 የፕሬዚዳንት ምርጫን የሰረዘው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከዚህ ሥርዓት የወጣ ነው። በ2019 ኮሚሽኑ በርካታ ዳኞችን ሲያቀርብ ፕሬዚዳንት ኬንያታ አልሾምም አሉ፤ ክርክሩ ሁለት ዓመት ፈጀ፤ በ2021 ሠላሳ አራቱን ሾመው ስድስቱን ተዉ፤ ስድስቱን በ2022 የሾሟቸው አዲሱ ፕሬዚዳንት ሩቶ ናቸው። ኬንያዊው ስድስቱን ዳኞች በስም ያውቃቸው ነበር። ጠቡ ዳኛው ወንበር ላይ ሳይቀመጥ አለቀ ወይም ቢያንስ ታወቀ። ዳኛው ከተቀመጠ በኋላ የእያንዳንዱን ውሳኔ ዋጋ ለብቻው እንዲከፍል አልተተወም።

2011 ዓ.ም. ለእኛም ሌላ ነገር ይዞ የመጣ መስሎ ነበር። ጥቅምት 22 ቀን ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በቦታው የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩ፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሠረቱ ሰው ናቸው። በሦስት ሳምንቱ፣ ኅዳር 13 ቀን፣ ወይዘሪት ብርቱካን ከስደት ተመልሰው የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። በዓመቱ መጨረሻ አካባቢ ዳንኤል በቀለ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር ሆኑ። ቃሊቲ ይቅርታ አልፈርምም ብሎ የቀረው ሰው የእስር ቤቶችን ይዞታ የሚመረምር ሆነ። ያኔ የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም። ነገር ግን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሹመት የተፈጸመው በዚያው በድሮው መንገድ ነው፦ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቀረቡ፣ ምክር ቤቱ አጸደቀ። ጥሩ ሰው መረጡ፤ የመምረጫውን መንገድ ግን አልነኩትም።

ጉባኤው ራሱ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1233 እንደ አዲስ ተደራጀ፤ ከእሱ ጋር የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ወጣ። የዳኞች ምልመላ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ያለበት፣ የዕጩዎች ስም ተገልጾ ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት ሆነ። ይህ እውነተኛ ለውጥ ነው። የአቃቂ ሰው ነገ በምድብ ችሎቱ ስለሚቀመጠው ሰው ዛሬ የሚናገርበት ቀዳዳ ተከፈተለት ማለት ነው። ቀዳዳው ግን የሚያገለግለው ከታች ላሉት ዳኞች ነው፤ ፕሬዚዳንቱና ምክትሉ አሁንም በዚያ አያልፉም።

የዚህ ክፍተት ዋጋ የታየው ደግሞ ከአዋጁ ቀደም ብሎ፣ በ2012 ዓ.ም. ነው። በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሊራዘም ሲል መንግሥት የሕገ መንግሥት ትርጉም ጠየቀ። የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ 11 አባላት አሉት፤ ሰብሳቢው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 82 መሠረት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ነው። ወይዘሮ መዓዛ የሕግ ምሁራንን በግንቦት ወር በቴሌቪዥን አከራከሩ፤ አገሩ በሙሉ ተከታተለ። ያንን ክርክር የተመለከተ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አገርም እንደሚቻል አይቷል። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነበር፤ አፈ ጉባኤዋ ወይዘሮ ኬሪያ ኢብራሂም ሰኔ 1 ቀን ሥልጣን ለቀቁ፣ ምክር ቤቱ ሰኔ 3 ቀን ማራዘሙን ተቀበለ። የተከተለውን ጦርነት ሁላችንም እናውቃለን። ጉዳዩ ከሕግ ክርክር በላይ ሆኖ የሄደበት ምክንያት ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ሁሉም ወገን አምኖ የሚዳኝበት ወንበር አለመኖሩ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሰው ምንም ያህል የተከበሩ ቢሆኑ፣ ያስቀመጣቸው እጅ የአንዱ ወገን ብቻ ነበር።

ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና ምክትላቸው አቶ ሰለሞን አረዳ ሥራ ለቀቁ። በዚያው ዕለት አቶ ቴዎድሮስ ምሕረት ፕሬዚዳንት፣ ወይዘሮ አበባ እምቢአለ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። መልቀቂያውም ሹመቱም በአንድ ቀን። በ2013ቱ ምርጫ ብልጽግና 410 ወንበር ሲያገኝ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አግኝተዋል፤ ምክር ቤቱ ውስጥ ተቃዋሚ ነበረ ማለት ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ግን ማንም ስለ ማንም ጠይቆ አይጨርስም። የምክር ቤት አባሉ ዕጩዎቹ የጻፉትን ፍርድ አያነብም፣ የሠሩበትን ቦታ አይጠይቅም፣ በወረዳው ያለ ጠበቃ ደውሎ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» የሚልበት ጊዜ አይኖርም።

ለዚህ ሕገ መንግሥት ማሻሻል አያስፈልግም። አንቀጽ 81 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባሉ ይላል፤ ስሙን በስንት ቀን ቀድመው ያቅርቡ አይልም። ዕጩዎቹ በምክር ቤቱ የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ፊት በግልጽ ይጠየቁ ቢባል የሚከለክል ድንጋጌ የለም። የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ለምድብ ችሎት ዳኞች የሚያደርገውን ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ዕጩም አድርጎ፣ አስተያየቱን ለምክር ቤቱ በጽሑፍ ቢልክ ከሥልጣኑ አይወጣም። ምክር ቤቱ ይህን በራሱ የአሠራር ደንብ መወሰን ይችላል። ስሙ 30 ቀን ቀድሞ ይውጣ፤ ጥያቄውና መልሱ በቴሌቪዥን ይተላለፍ፤ የተቃወመ የምክር ቤት አባል ምክንያቱን ተነሥቶ ይናገር፤ የደገፈም እንዲሁ። በዚያ ጊዜ ይጣሉ፤ ጠቡን ሁላችንም እንስማው።